አቧራን የመያዝ ጥበብ፦ ከሼፊልድ ማራገቢያ እስከ ካርትሪጅ ማጣሪያ

መግቢያ

በማንኛውም ፋብሪካ ውስጥ ትኩረት የሚሰጠው ለሚመረተው ነገር ነው። ሲሚንቶው በኩንታል ይመዘናል፤ ዱቄቱ በጆንያ ይቆጠራል፤ የተሞረደው ብረት እየተቆጠረ ለገዢው ይሰጣል። ከእነዚህ ሁሉ ጋር አብሮ የሚመረት፣ ነገር ግን በመዝገብ የማይገባ ሌላ ምርት አለ፤ እርሱም አቧራ ነው። ይህ ምርት ገዢ የለውም፤ ይሁን እንጂ ዋጋ የሚከፍልበት ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ዋጋውን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ከመኪናው አጠገብ የቆመው ሠራተኛ ሲሆን፣ የሚከፍለውም በሳንባው ነው።

ዛሬ በብዙ የብረታ ብረት፣ የእንጨት፣ የመድኃኒትና የምግብ ፋብሪካዎች ውስጥ አንድ ትልቅ የብረት ሣጥን ቆሞ እናያለን። ከየሥራው ቦታ የሚመጡ ቱቦዎች ይገቡበታል፤ አየሩን የሚስብ ማራገቢያ ተገጥሞለታል፤ ከሥሩም የአቧራ በርሜል ተደርጎለታል። አልፎ አልፎም በድንገት የሚለቀቅ የታመቀ አየር ድምፅ ይሰማበታል። ይህ መሣሪያ የካርትሪጅ አቧራ ሰብሳቢ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያው ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ፣ በውስጡ ምን እንደሚካሄድና እንዴት ተስተካክሎ ሊሠራ እንደሚገባው ለሙያ ባልደረቦች ማቅረብ ነው። ታሪኩን ስንከታተል አንድ ቁም ነገር ደጋግሞ ብቅ ይላል፤ ይኸውም አቧራ ሰብሳቢ በመፈልሰፉ ወይም በመተከሉ ብቻ ማንንም አለማዳኑ ነው። ማዳን የጀመረው በኃላፊነት የሚጠብቀው ሰው ባገኘ ጊዜ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥንት ሰዎች ያወቁት

የአቧራን ጎጂነት ለማወቅ የሰው ልጅ የአሁኑን ዘመን አልጠበቀም። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ዓመት ሲጽፍ፣ ለቀለም የሚሆነውን ቀይ የሜርኩሪ ማዕድን የሚያዘጋጁ ሠራተኞች ጎጂውን ብናኝ እንዳይተነፍሱ ከእንስሳ ፊኛ የተሠራ መሸፈኛ በፊታቸው ላይ ያስሩ እንደነበር ይነግረናል። ጀርመናዊው ጌዮርጊዩስ አግሪኮላ ስለ ማዕድን ሥራ የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ በ1556 ታትሞ ወጣ። በዚሁ መጽሐፍ በካርፓቲያን ተራሮች የማዕድን ጉድጓዶች አካባቢ እስከ ሰባት ባል ያገቡ ሴቶች እንደነበሩ ተጽፏል፤ ባሎቻቸውን ሁሉ ያለ ዕድሜያቸው የቀጠፈው የማዕድኑ አቧራ ነበር። ከዚህ በኋላ በ1700 የሞዴናው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፍ የድንጋይ ጠራቢዎችንና የእህል ነፊዎችን ሕመም ለየብቻው ዘርዝሯል። ሐኪም በሽተኛውን ሲመረምር የሥራውንም ዓይነት እንዲጠይቅ ያስተማረ እርሱ ነው።

በእነዚህ ጥንታውያን መጻሕፍት ሁለት ዓይነት መፍትሔ ይገኛል። አንደኛው የሠራተኛውን ፊት መሸፈን ነው። ሁለተኛው አየሩን ማንቀሳቀስ ነው፤ አግሪኮላም በጉድጓድ ውስጥ ንጹሕ አየር የሚያስገቡ ወናፎችንና ማራገቢያዎችን በሥዕል አሳይቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። በመጀመሪያው መንገድ የጥበቃው ሸክም በሠራተኛው ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ በሁለተኛው ግን ሸክሙን የሚሸከመው ድርጅቱ ነው። የአቧራ ሰብሳቢ ታሪክ የሁለተኛው መንገድ ታሪክ ነው።

የሼፊልድ ሞራጆች

ሼፊልድ በእንግሊዝ አገር በቢላዋ፣ በሹካና በመቀስ ሥራ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። ቀደም ባለው ጊዜ የሞራጆቹ ቤቶች በወንዞች ዳር ተበታትነው የቆሙ፣ በውሃ ኃይል የሚንቀሳቀሱና ነፋስ እንደ ልብ የሚገባባቸው ነበሩ። ወንዙ ሲጎድል ሥራው ስለሚቆም ሞራጁም ሳንባውን የሚያሳርፍበት ጊዜ ነበረው። ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የእንፋሎት ኃይል ሲገባ ግን ድንጋዮቹ ወደ ከተማው ውስጥ ተሰበሰቡ። ቤቶቹ ጠበቡ፤ የሥራው ሰዓትም ረዘመ። ቢላዋ በረጠበ ድንጋይ ሲሞረድ ሹካ ይሞረድ የነበረው በደረቅ ድንጋይ ነው። በመሆኑም የድንጋዩና የብረቱ ብናኝ በአንድነት ወደ ሠራተኛው አፍና አፍንጫ ይገባ ነበር። የከተማዋ ሐኪም አርኖልድ ናይት የተመለከተው፣ በረጠበ ድንጋይ የሚሠሩት 45 ዓመት እምብዛም እንደማያልፉ፣ በደረቅ ድንጋይ የሚሠሩት ደግሞ 35 ዓመት እንኳ በጭንቅ እንደሚደርሱ ነው።

መፍትሔ አልጠፋም ነበር። በ1820ዎቹ መጀመሪያ ጆን ሄንሪ ኤብራሃም የተባለ የሼፊልድ ሰው የብረቱን ብናኝ በማግኔት የሚይዝ መሣሪያ ሠርቶ ሽልማት አግኝቷል። ማግኔት ግን የብረቱን ብናኝ እንጂ የድንጋዩን አይስብም፤ ሳንባ የሚያጠፋው ደግሞ በይበልጥ የድንጋዩ ብናኝ ነው። ከዚህ የበለጠው መፍትሔ ማራገቢያው ነበር። ከድንጋዩ ጀርባ የእንጨት ቱቦ ተደርጎ፣ ድንጋዩን በሚያዞረው ዘንግ የሚነዳ ማራገቢያ ብናኙን ስቦ ወደ ውጭ ይጥለዋል። ዶክተር ካልቨርት ሆላንድ በ1843 ስለ ሞራጆች የሳንባ በሽታ ሲጽፍ ይህ መሣሪያ የታወቀ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ማራገቢያ ያልተገጠመላቸው፣ ተገጥሞላቸውም የማይሠራባቸው ቤቶች ለብዙ ዓመታት ብዙ ነበሩ።

ለምን? ብዙዎቹ ሞራጆች ቦታውንና ኃይሉን ከቤቱ ባለቤት የሚከራዩ ስለነበሩ ማራገቢያውን የመግጠምና የመጠገን ግዴታ የማን እንደሆነ በግልጽ አልተለየም። በዚህ ላይ ከሞራጆቹ መካከል መሣሪያውን አጥብቀው የሚቃወሙ ነበሩ። ሥራው ከአደጋ ነጻ ከሆነ ብዙ ሰው ይገባበታል፤ ብዙ ሰው ከገባበትም ደመወዝ ይወርዳል ብለው ይሰጉ ነበር። ያለ ዕድሜ መሞት የደመወዝ ዋስትና ሆኖ የተቆጠረበት ሁኔታ ምን ያህል አስከፊ እንደነበረ ለማስረዳት ሌላ ቃል አያስፈልግም። በመጨረሻ በ1867 የወጣው የፋብሪካ ሕግ በሞረድ ሥራ ላይ ማራገቢያ እንዲገጠም የማዘዝ ሥልጣን ለመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ሰጠ። ማራገቢያው በሐኪም መጽሐፍ ከተመሰከረለት በኋላ በሕግ ጥያቄ እስኪሆን ድረስ አንድ ሙሉ የሞራጅ ዕድሜ አልፏል።

የሚኒያፖሊስ ፍንዳታና ሳይክሎን

የሼፊልድ ማራገቢያ አቧራውን ከሠራተኛው ያርቀው ነበር እንጂ አይዘውም ነበር። አቧራው ተይዞ አንድ ቦታ መጠራቀም ሲጀምር ደግሞ ሌላ አደጋ ተከተለ። ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ የነበረው ዋሽበርን ኤ የተባለው የዱቄት ፋብሪካ ነው። ሰባት ፎቅ የነበረው ይህ ፋብሪካ ግንቦት 2 ቀን 1878 ምሽት ፈነዳ። 18 ሰዎች ሞቱ፤ አጠገቡ የነበሩ ሌሎች ወፍጮዎችም ወደሙ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ፔካምና ፔክ ጉዳዩን መርምረው፣ በአየር ላይ የተበተነ ዱቄት እሳት ሲያገኝ እንደሚፈነዳ በሙከራ አሳዩ። እሳቱ ከወፍጮ ድንጋዮች ተነሥቶ በመምጠጫው ቱቦ በኩል ወደ አቧራ ማጠራቀሚያው ክፍል እንደደረሰ ታምኗል። እንግዲህ ለመከላከያ ተብሎ የተሠራው ቱቦና ክፍል ራሱ የአደጋው መንገድ ሆነ።

ከአደጋው በኋላ ከቪዬና የመጣ ዊልያም ዴ ላ ባር የተባለ መሐንዲስ የወፍጮ ድንጋዮችን አቧራ የሚስብ የተሻለ መሣሪያ ይዞ ቀረበ። ድርጅቱም መሣሪያውን መግዛት ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም ቀጠረው። ፋብሪካው እንደገና ተሠርቶ በ1880 ሥራ ጀመረ። በ1885 ደግሞ ጆን ፊንች የተባለ አሜሪካዊ ዛሬ ሳይክሎን ለምንለው መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ። በሳይክሎን ውስጥ አቧራ የያዘው አየር በክብ በርሜል ውስጥ እንደ አውሎ ነፋስ ይሽከረከራል፤ ከባዱ ብናኝ ወደ ግድግዳው ተገፍቶ ቁልቁል ይወርዳል፤ አየሩ በመካከል ወደ ላይ ይወጣል። የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በቀላሉ አይበላሽም፤ ዛሬም በእንጨት ሥራ ቤቶችና በእህል ወፍጮዎች እናየዋለን።

የሳይክሎን ድክመት በብናኙ መጠን ላይ ነው። ከ10 ማይክሮን በላይ የሆነውን በደንብ ይይዛል፤ ከዚያ በታች የሆነው ግን ከአየሩ ጋር ያመልጠዋል። ወደ ሳንባ ጥልቅ የሚዘልቀው ደግሞ በአብዛኛው ከ5 ማይክሮን በታች የሆነው፣ በዓይን የማይታየው ብናኝ ነው። ስለዚህ ሳይክሎን የወለሉን ንጽሕና አሻሻለ እንጂ ሳንባን ለማዳን ብቻውን አልበቃም። በ1907 አሜሪካዊው ፍሬደሪክ ኮትሬል ብናኝን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚያረግፍ መሣሪያ ሠርቶ ለማዕድን ማቅለጫዎችና ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች ታላቅ አገልግሎት ሰጠ። ለመለስተኛ ፋብሪካዎች ግን መፍትሔው የመጣው ከጨርቅ ነው።

የሚያጣራው አቧራው ነው

በጨርቅ ከረጢት ማጣራት ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በወፍጮዎች እየተስፋፋ የሄደ ዘዴ ነው። አሠራሩ እንደ ወንፊት የሚመስለው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የተሸመነ ጨርቅ ክፍተት ከደቃቁ ብናኝ መጠን ይሰፋል፤ ስለዚህ አዲስ ጨርቅ ብዙ አቧራ ያሳልፋል። ጠጅ በጨርቅ ሲጠለል መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ ነው፤ አተላው በጨርቁ ላይ ሲነጠፍ ግን የሚወርደው እየጠራ ይሄዳል። በአቧራ ማጣሪያም የሚሆነው ይኸው ነው። በጨርቁ ላይ የሚነጠፈው የአቧራ ልባስ ዋናው ማጣሪያ ሲሆን ጨርቁ የልባሱ ተሸካሚ ነው።

ከዚህ ቀላል እውነት የአቧራ ሰብሳቢ አሠራር ምሥጢር ሁሉ ይመነጫል። ልባሱ ከሳሳ አቧራ ያልፋል። ልባሱ ከወፈረ አየር አያልፍም፤ አየር ካላለፈ መምጠጫው ይዳከማል፤ አቧራውም ተመልሶ ወደ ሠራተኛው ይሄዳል። ስለዚህ ማጣሪያን ማጽዳት ማለት አቧራውን ሙልጭ አድርጎ ማራገፍ ማለት አይደለም፤ የሚፈለገውን ያህል አራግፎ የሚፈለገውን ያህል መተው ማለት ነው። አብዝቶ ማራገፍ ከማራገፍ መቦዘን የማይሻል ስሕተት ነው።

የባር ከተማ ማስረጃ

አቧራን በምንጩ ላይ ስቦ መያዝ በእርግጥ ሰውን እንደሚያድን በግልጽ ካረጋገጡት ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ በቨርሞንት ግዛት የምትገኘው ባር ናት። ባር በግራናይት ድንጋይ የታወቀች ስትሆን ከጣሊያን አገር የመጡ ብዙ ጠራቢዎች ይሠሩባት ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በታመቀ አየር የሚሠራ መዶሻ ሲገባ ሥራው ፈጠነ፤ ደቃቁ አቧራም በዚያው ልክ በዛ። በ1920ዎቹ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ባካሄደው ምርመራ ሲሊኮሲስና ሳንባ ነቀርሳ በጠራቢዎቹ ላይ ያደረሱት ጉዳት በግልጽ ታየ። ከ1937 እስከ 1940 ባለው ጊዜ ውስጥ በየሥራ ቤቱ ከመሣሪያው ጫፍ አጠገብ የሚቀመጡ መምጠጫዎች ተገጠሙ። በ1950ዎቹ በተደረገው ክትትል፣ መምጠጫዎቹ ከተገጠሙ በኋላ ሥራ በጀመሩት ጠራቢዎች ዘንድ ሲሊኮሲስ እጅግ ብርቅ ሆኖ ተገኘ። ድንጋዩም መዶሻውም ያው ነው፤ የተለወጠው የአየሩ መንገድ ብቻ ነበር።

መምጠጫው ከመሣሪያው ጫፍ አጠገብ መሆኑ በአጋጣሚ የተደረገ አይደለም። ሻማን ከክንድ ርቀት እፍ ብሎ ማጥፋት ይቻላል፤ ከዚያው ርቀት አየር ወደ ውስጥ ስቦ ለማጥፋት የሞከረ ግን አይሳካለትም። የሚነፋ አየር ሩቅ ይጓዛል፤ የሚሳብ አየር ግን ከቱቦው አፍ ስፋት ጋር እኩል በሆነ ርቀት ላይ ፍጥነቱ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ መምጠጫውን ጥቂት ሳንቲሜትር ማቅረብ ትልቅ ማራገቢያ ከመግዛት ይበልጣል።

ከከረጢት ወደ ካርትሪጅ

የድሮዎቹ ከረጢቶች የሚጸዱት በመንቀጥቀጥ ነበር፤ ለዚህም ሥራው መቆም ነበረበት። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ፐልቨራይዚንግ ማሽነሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን የሚለውጥ ዘዴ ለገበያ አቀረበ። አየሩ ከውጭ ወደ ውስጥ በከረጢቱ ሲያልፍ አቧራው በውጭ በኩል ይነጠፋል። ከከረጢቱ አፍ በላይ ያለ ቫልቭ ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል ተከፍቶ የታመቀ አየር ቁልቁል ይለቃል፤ ከረጢቱ በድንገት ይወጠርና ልባሱን ያራግፋል። ከረጢቶቹ በየተራ ስለሚመቱ ሥራው አይቋረጥም።

ቀጣዩ እርምጃ የመጣው ከሞተር ነው። አቧራ ሞተርን እንዴት እንደሚበላ የሚያውቁት የትራክተርና የከባድ መኪና ሠሪዎች የሞተሩን አየር በተሸነሸነ ወረቀት ማጣራት ጀምረው ነበር። ፍራንክ ዶናልድሰን በ1915 በሚኒሶታ የመሠረተው ኩባንያ የተነሣው ለትራክተር አየር ማጣሪያ በመሥራት ነው። ይኸው ኩባንያ በ1973 ቶሪት የተባለውን የአቧራ ሰብሳቢ ሠሪ ድርጅት ገዛ። በ1970ዎቹም የሞተሩ የተሸነሸነ ማጣሪያና የከረጢቱ የአየር ምት በአንድ ሣጥን ውስጥ ተገናኙ። የካርትሪጅ አቧራ ሰብሳቢ የምንለው የዚህ ውጤት ነው።

የሽንሽኑ ጥቅም በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ስፋቱ 15 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ከረጢት 1.2 ካሬ ሜትር ያህል የማጣሪያ ገጽ አለው። ርዝመቱ 66፣ ስፋቱ 32 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ካርትሪጅ ግን እንደ ሽንሽን ቀሚስ ስለታጠፈ 20 ካሬ ሜትር ያህል ወረቀት ይይዛል። አንዱ ካርትሪጅ የ16 ወይም የ17 ከረጢቶችን ገጽ ይሰጣል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ሣጥኑ አነሰ፤ ማጣሪያውን ለመለወጥም በውስጡ መግባት ቀረ።

ይሁን እንጂ ሽንሽኑ ዋጋም አለው። አቧራ በእጥፋቶቹ መካከል ከተጣበቀ በቀላሉ አይወጣም፤ የሚያጣብቅ ወይም ጭረት የበዛበት አቧራም ለካርትሪጅ አይስማማም። በዚህ ምክንያት አየሩ በካርትሪጅ የሚያልፍበት ፍጥነት ከከረጢት ያንሳል፤ በከረጢት በደቂቃ ከ1.2 እስከ 1.8 ሜትር ሲሆን በካርትሪጅ 0.6 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ይወሰናል። ለምሳሌ በሰዓት 6,000 ሜትር ኩብ አየር የሚስብ መሣሪያ 8 ካርትሪጆች ቢኖሩት፣ ገጹ 160 ካሬ ሜትር ስለሚሆን ፍጥነቱ በደቂቃ 0.6 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለት አዳዲስ ማሽኖች ተጨምረው አየሩ ወደ 9,000 ሜትር ኩብ ከፍ ቢል ፍጥነቱ ወደ 0.94 ይደርሳል። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ካርትሪጆቹ ቶሎ ቶሎ ሲያረጁ ጥፋቱን በአቅራቢው ላይ ያደርጋል።

ስለ ማንቀሳቀስና ስለ ማስተካከል

ከላይ የተነገረው ታሪክ በሥራ ላይ ሲተረጎም የሚከተሉትን ነጥቦች ይሰጣል።

የመጀመሪያው የማራገቢያው አዟዟር ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩ ተቀያይሮ የታሰረ ማራገቢያ ወደ ኋላ እየዞረም ጥቂት አየር ይስባል፤ ስለዚህ መሳቡን ብቻ አይቶ ትክክል ነው ማለት አይቻልም። አዟዟሩን በቀስቱ ምልክት ማመሳከር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አዲስ ካርትሪጅ ሲገባ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። አዲስ ካርትሪጅ ልባስ ስለሌለው አየሩን አይከላከልም። የአየር መቆጣጠሪያው ክዳን ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ አየሩ ከተወሰነው በላይ ይፈጥናል፤ ደቃቁ ብናኝም ወደ ወረቀቱ ሆድ ዘልቆ ይቀረቀራል። በዚህ መንገድ የታፈነ ወረቀት በምት አይድንም፤ የማራገቢያው ሞተርም ከአቅሙ በላይ ሊጫን ይችላል። ስለሆነም ክዳኑ መጀመሪያ ጠበብ ተደርጎ፣ የግፊቱ ልዩነት ከፍ እያለ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይከፈታል። መለኪያው የሚሆነው በዋናው ቱቦ ውስጥ ያለው የአየር ፍጥነት ነው። ለብዙ ዓይነት አቧራ በሰከንድ ከ18 እስከ 20 ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ከወረደ አቧራው በአግድም ቱቦዎች ውስጥ ይተኛል።

ሦስተኛው የምቱ ጊዜ ነው። ምት በሰዓት ቆጣሪ ብቻ ያለማቋረጥ እንዲሄድ ማድረግ ልባሱን ያሳሳል፤ የታመቀ አየርም ያባክናል። የተሻለው መንገድ በግፊት ልዩነት ማዘዝ ነው፤ ለምሳሌ ልዩነቱ 100 ሚሊሜትር የውሃ ዓምድ ሲደርስ ምቱ ይጀምራል፤ 75 ሲደርስ ይቆማል። የታመቀው አየር በአብዛኛው 6 ባር ገደማ ሲሆን ደረቅና ከዘይት የጸዳ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም የረጠበ ወረቀት አቧራውን ጭቃ ያደርገዋል። በሁለት ምቶች መካከልም የአየር ማጠራቀሚያው ግፊት ወደ ቦታው ለመመለስ ጊዜ ማግኘት አለበት።

አራተኛው ማራገቢያው ከቆመ በኋላ የሚደረግ ጽዳት ነው። በሥራ ሰዓት ከአንዱ ካርትሪጅ የተራገፈው ደቃቅ አቧራ በአየሩ ተስቦ ወደ ጎረቤቱ ካርትሪጅ ይሄዳል። ማራገቢያው ሲቆም ግን የሚስበው ስለሌለ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ በሥራ ፍጻሜ ምቱ ለጥቂት ዙር ቢቀጥል የካርትሪጁ ዕድሜ ይረዝማል። ሆፐር የሚባለው ቁልቁል የሚጠብበው ክፍልም የማከማቻ ቦታ ባለመሆኑ በርሜሉ ሳይሞላ መራገፍ አለበት።

አምስተኛውና ዋነኛው የግፊት ልዩነት መለኪያውን በየቀኑ አንብቦ መመዝገብ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከትናንቱና ካለፈው ወር ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ግን ይናገራል። ተመትቶም ከ150 ሚሊሜትር በታች አልወርድ ያለ ልዩነት ካርትሪጁ ማርጀቱን ያመለክታል። በድንገት የወረደ ልዩነት ደግሞ የደስታ ምልክት ላይሆን ይችላል፤ የተቀደደ ወረቀት፣ የላላ ማኅተም ወይም የተደፈነ የመለኪያ ቱቦ ሊሆን ይችላል። ይህ ጸሐፊ በአንድ የብረት ሥራ ድርጅት የተመለከተው መለኪያ ለረጅም ጊዜ ዜሮ ላይ የቆመ ነበር። ቱቦው ተነቅሎ ሳለ የመሣሪያው ጠባቂዎች ዜሮውን የጤንነት ምልክት አድርገው ወስደውት ነበር፤ በአጠገቡ የሚሠሩት ሰዎች ግን ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበር። ከሰው ፊት የበለጠ መለኪያ የለምና ያንን ነጠላ ማንበብ ይገባ ነበር።

በከፍታ ላይ

ለአገራችን መሐንዲሶች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ እርሱም ከፍታ ነው። የብዙዎቹ ማራገቢያዎች መግለጫ የሚዘጋጀው በባሕር ወለል ላይ ላለ አየር ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ የአየሩ እፍጋት የባሕር ወለሉ 75 በመቶ ያህል ነው፤ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በድሬዳዋ 87 በመቶ ያህል ይሆናል። ማራገቢያው የሚስበው ይዘት ባይለወጥም የሚፈጥረው ግፊት በዚሁ መጠን ይቀንሳል።

አንዳንዱ ሰው የቱቦዎቹም መከላከል አብሮ ስለሚቀንስ ነገሩ ይቻቻላል ይላል። ለቱቦዎቹ ይህ እውነት ነው፤ ለማጣሪያው ግን አይደለም። አየር በልባሱ ውስጥ የሚያልፈው እጅግ በዝግታ ስለሆነ መከላከሉ የሚወሰነው በአየሩ ዝልግልግነት እንጂ በእፍጋቱ አይደለም፤ ዝልግልግነት ደግሞ በከፍታ ምክንያት አይለወጥም። አንድ ማራገቢያ በባሕር ወለል 2,500 ፓስካል የሚሰጥ ይሁን፤ ከዚህም 1,500 ለቱቦዎቹ፣ 1,000 ለማጣሪያው የተመደበ ይሁን። በአዲስ አበባ ማራገቢያው 1,875 ይሰጣል፤ ቱቦዎቹ 1,125 ይፈልጋሉ፤ ማጣሪያው ግን ያንኑ 1,000 ይጠይቃል። 250 ፓስካል ጎደለ ማለት ነው። ጉድለቱ የሚታየው በመምጠጫው አፍ ላይ ነው፤ አቧራው ሳይሳብ ይቀራል። ኮምፕሬሰሩም የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ምቱን የሚመግበው መጠን ይቀንሳል። ስለሆነም ዕቃው ሲታዘዝ የቦታውን ከፍታ በግልጽ ጽፎ መጠየቅ የመሐንዲሱ ግዴታ ነው።

ጉዳዩ የወረቀት ላይ ስሌት ብቻ አይደለም። በ2010 የታተመ በአገራችን የሲሚንቶ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በድንጋይ መፍጫው ክፍል አማካዩ የአቧራ መጠን በሜትር ኩብ 38.6 ሚሊግራም፣ በማሸጊያው ክፍል 18.5 ሚሊግራም፣ በጥበቃ ሠራተኞች ዘንድ ደግሞ 0.4 ሚሊግራም ሆኖ አግኝቶታል። በሌሎች አገሮች ለአጠቃላይ አቧራ እንደ ጣሪያ ሲያዝ የኖረው አንዱ ልክ 10 ሚሊግራም ነው። በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። በሼፊልድ ሳይለይ የቆየው ጥያቄ በእኛ ዘንድ በሕግ ተለይቷል ማለት ነው።

ጠባቂ ያጣ መሣሪያ

ችላ የተባለ አቧራ ሰብሳቢ ሳይሠራ በመቅረት ብቻ አይወሰንም። ጥቅምት 29 ቀን 2003 በአሜሪካ በኢንዲያና ግዛት በሀንቲንግተን ከተማ የአልሙኒየም ቸርኬ በሚሠራ ፋብሪካ በደረሰ የአቧራ ፍንዳታ አንድ ሠራተኛ ሞተ። የአገሩ የኬሚካል አደጋ መርማሪ ቦርድ ፍንዳታው የተነሣው ከአቧራ ሰብሳቢው ውስጥ ሳይሆን እንደማይቀር ደመደመ። በፋብሪካው ቀደም ሲል የተነሡ ትናንሽ እሳቶች እንደ ተራ ነገር ታይተው ታልፈው ነበር።

ከዚህ እጅግ የከፋው ነሐሴ 2 ቀን 2014 በቻይና በኩንሻን ከተማ የደረሰው ነው። ይህም ፋብሪካ ቸርኬ የሚያስልና የሚያጸዳ ነበር። አቧራ ሰብሳቢ ነበረው፤ ነገር ግን በጊዜው አይጸዳም ነበር። የአቧራው በርሜል ዝጎ ስለተበላ እርጥበት ገባ፤ የአልሙኒየም ብናኝ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ይግላልና ግለቱ አቧራውን አቀጣጠለው። እሳቱም በቱቦዎቹ ተመልሶ ሠራተኞቹ ወደቆሙበት አዳራሽ ደረሰ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ የሟቾቹ ቁጥር 146 ደርሷል። በሚኒያፖሊስ በ1878 የታየው መንገድ ከ136 ዓመት በኋላ እንደገና ተደገመ።

ማጠቃለያ

ከተነገረው ሁሉ የምንረዳው አቧራ ሰብሳቢ እንደ ግድግዳ አንዴ ተሠርቶ የሚተው ነገር አለመሆኑን ነው። ዋናው ማጣሪያ በየቀኑ የሚነጠፈውና በየቀኑ የሚራገፈው ልባስ ስለሆነ፣ መሣሪያው በየቀኑ እንደ አዲስ ይሠራል ማለት ይቻላል። ሼፊልድ ማራገቢያ ነበራት፤ ኃላፊ አልነበራትም። ኩንሻን አቧራ ሰብሳቢ ነበራት፤ በርሜሉን የሚመለከት አልነበራትም። ባር ግን ሁለቱንም አገኘችና ልጆቿን አተረፈች።

የሙያ ባልደረቦች መሣሪያውን ሲመርጡ የቦታውን ከፍታና የአቧራውን ጠባይ እንዲያስቡ፣ ሲተክሉ የመጀመሪያውን ቀን የግፊት ልዩነትና የቱቦ ፍጥነት ጽፈው እንዲያስቀምጡ፣ ሲያስረክቡም መለኪያውን የሚያነብና የሚመዘግብ ሰው በስሙ እንዲመደብ እንዲጠይቁ ይገባል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃዋል።